ስለ ነፃ ጥብቅና የሚናገሩት የሕግ መሪዎች ራሳቸው ይሠሩታል ወይ?

ድሬዳዋ ፍርድ ቤት ደጃፍ ላይ ቀፊራ ገበያ ቲማቲም የሚሸጡ አንዲት እናት አገኘሁ። የቤት ውርስ ክርክር አለባቸው። ወረቀቶቻቸውን በፌስታል ጠቅልለው በደረታቸው አቅፈዋል። «ልጄ፣ ነፃ ጠበቃ አለ ይላሉ። የታለ?» አሉኝ። ጥያቄያቸው ከልቤ አልወጣ ስላለ ስለ ነገሩ የምሰማቸውን የተሳሳቱ አባባሎች ልጻፍ።

«ነፃ ጥብቅና የጠበቃው ችሮታ ነው።»

አይደለም፣ የሙያው ግዴታ ነው። የፌዴራል ጠበቆች ሥነ ምግባር ደንብ ቁጥር 57/1992 በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት በነፃ ወይም በአነስተኛ ክፍያ እንዲያገለግሉ አዟል። ሲካፈል በሳምንት አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም። ድሬዳዋ ደግሞ የፌዴራል ፍርድ ቤቶች ችሎት የሚቀመጡባት ከተማ ናት።

«ተከላካይ ጠበቃም ያው ነው።»

ተከላካይ ጠበቃ ደሞዝ የሚከፍለው መንግሥት ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20(5) ላይ ያስቀመጠው ጠበቃ የማቆም አቅም ለሌለው የወንጀል ተከሳሽ ነው። የውርስ ክርክር ፍትሐ ብሔር ስለሆነ ይህ አንቀጽ ለእኚህ እናት አይደርስም።

«ትልልቆቹ ያወራሉ እንጂ አይሠሩም።»

ይህን ደጋግሜ እሰማለሁ። መጀመሪያ ሰውን መለየት ያስፈልጋል። ዳኛ ወንበር ላይ እያለ ጥብቅና መያዝ አይችልም። ስለዚህ ዳኛን «ስንት ፋይል ያዝክ?» ማለት ፍትሐዊ አይደለም።

የሠሩም አሉ። በ1980ዎቹ መጨረሻ አርሲ ውስጥ የተጠለፈች የ14 ዓመት ልጅ ጠላፊዋን ገድላ በግድያ ስትከሰስ ጉዳዩን የያዘላት የኢትዮጵያ ሴቶች ሕግ ባለሙያዎች ማህበር ነው። ልጅቷ ራሷን ስትከላከል መሆኑ ታምኖላት በነፃ ተለቀቀች። ከማህበሩ መሥራቾች አንዷ መዓዛ አሸናፊ ናቸው። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት የሆኑት ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በ2011 ነው።

ግን ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ደንቡ ሕግንና የፍትሕ ሥርዓቱን ለማሻሻል ለሚሠሩ ኮሚቴዎች የሚሰጥ አገልግሎትንም ይቆጥራል። ስለዚህ አንድ ታዋቂ ጠበቃ አንድም ድሃ ሳያገኝ፣ ስብሰባ ላይ ተቀምጦ 50 ሰዓቱን ሊሞላ ይችላል። ሕጉን አልጣሰም። ሥራውም ይጠቅማል። ፌስታሉን ያቀፉት እናት ግን ከዚያ ስብሰባ ዛሬ የሚያገኙት ነገር የለም።

እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ወጣት ጠበቆችን «አገልግሉ» የሚል መሪ አብሮ «እኔ ዘንድሮ ይህን ያህል ፋይል ይዣለሁ» ይበል። ወጣቱ የሚከተለው ያየውን ነው። ድሬዳዋ ላይ ደግሞ ሥራው ቀላል አይደለም። ደንበኛው ሶማሊኛ ወይም ኦሮምኛ ብቻ ይናገር ይሆናል፤ ችሎቱ በአማርኛ ነው። አስተርጓሚ ፈልጎ ታሪኩን ከሥሩ መስማት ብቻውን ግማሽ ቀን ይፈጃል። ይህን መሪው አንዴ ተቀምጦ ቢያየው ንግግሩ ራሱ ይለወጣል።

«ነፃ ጠበቃ ካገኘሁ ወጪ የለብኝም።»

የጠበቃ አበል ቀረ እንጂ የዳኝነት ክፍያ አለ። እሱን ለመክፈል አቅም የሌለው ሰው በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ መሠረት በደሃነት ለመክሰስ ፍርድ ቤቱን ማስፈቀድ ይችላል። ለዚህ አቅም እንደሌለው የሚያሳይ ማስረጃ ይዞ ይቅረብ።

ለእናቲቱም ይህንኑ ነገርኳቸው። ጠበቃውን ግን ያን ቀን አላገኘንም። «እንግዲያው ቀበሌ ልሂድ» ብለው ፌስታላቸውን ቋጠሩና ባጃጅ አስቆሙ።