ስለ ተዋጊ ጄቶች የማረፍ አደጋ በድሬዳዋ የሚነገሩ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ተዋጊ ጄት በድሬዳዋ ሰማይ ላይ ዝቅ ብሎ ባለፈ ቁጥር፣ ወይም በሌላ አገር የደረሰ አደጋ ቪዲዮ በየስልኩ በተዘዋወረ ቁጥር፣ ከሳቢያን ሻይ ቤቶች እስከ ከዚራ ዛፎች ጥላ ድረስ ያው ወሬ ይደጋገማል። አንዱ «መንደርደሪያው ላይ የእሳት ማጥፊያ አረፋ ቢፈስ ኖሮ» ይላል፤ ሌላው አብራሪው ጥሎት ዘለለ ብሎ ይወቅሳል፤ ሦስተኛው ደግሞ «እኔ ብኖር ሮጬ አወጣው ነበር» ብሎ ይምላል። በአውሮፕላን ነፍስ አድንና እሳት ማጥፋት ሥራ ለብዙ ዓመታት የቆየሁ፣ በኋላም አዳዲስ ሠራተኞችን ያሠለጠንሁ ሰው ነኝ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወሬዎች በትዕግሥት መስማት ለምጃለሁ፤ ሦስተኛው ግን ሰው የሚገድል በመሆኑ ልታገሠው አልቻልሁም። ወደ እርሱ ከመድረሴ በፊት ቀለል ያሉትን ላንሣ።

«ድሬዳዋ ቆላ ስለሆነች ለማረፍ ቀላል ናት።» የድሬዳዋ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ 1,160 ሜትር ገደማ ከፍታ አለው፤ ይህ በራሱ ዝቅተኛ የሚባል አይደለም። በግንቦትና በሰኔ ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ 35 ዲግሪ ሲደርስ ደግሞ አየሩ ስለሚሳሳ፣ ክንፉና ሞተሩ የሚያገኙት አየር በመደበኛ ሙቀት 2,100 ሜትር ከፍታ ላይ ካለው ጋር ይስተካከላል። አብራሪው በመሣሪያው ላይ የሚያነበው ፍጥነት እንደ ሌላው ቦታ ሁሉ ያው ነው፤ ጎማው መሬት የሚነካው ግን በባሕር ጠረፍ ላይ ከሚነካው አሥር በመቶ ያህል ፈጥኖ ነው፤ ፍሬኑ ሊያስቆመው የሚገባው ጉልበት ደግሞ ከሃያ በመቶ በላይ ይጨምራል። ከኋላው ተዘርግቶ ፍጥነቱን የሚቀንስለት የፍሬን ፓራሹት ሳይዘረጋ የቀረ ጄት በዚህ ሰዓት ሲያርፍ ጎማው ቢፈነዳ ወይም ከመንደርደሪያው ጫፍ ቢያልፍ የሚያስደንቅ ነገር የለውም፤ አብራሪውን «አያውቅበትም» ብሎ ለመዝለፍም ምክንያት አይሆንም።

«የጄት ነዳጅ ላምባ ስለሆነ ቶሎ አይቀጣጠልም።» ላምባነቱ እውነት ነው። ነገር ግን ጄት ኤ-1 የተባለው ነዳጅ ለመቀጣጠል የሚበቃ ተን የሚያወጣው ከ38 ዲግሪ ጀምሮ ሲሆን፣ ቲኤስ-1 የተባለው የሩሲያው ዓይነት ደግሞ ከ28 ዲግሪ ጀምሮ ነው። በድሬዳዋ ቀትር ፀሐይ የመታው አስፋልት ከ50 ዲግሪ በላይ ይግላል። እዚያ ላይ የፈሰሰ ነዳጅ ክብሪት የሚጠብቅ ተን ነው።

«ተዋጊ ጄት ትንሽ ስለሆነ እሳቱም ትንሽ ነው።» ሱ-27 የተባለው ሩሲያ ሠራሽ ተዋጊ ጄት በሆዱና በክንፉ ብቻ ከ9 ቶን በላይ ነዳጅ ይይዛል።

«ጎማ ያልወጣለት ጄት በሆዱ ካረፈ ይፈነዳል፤ መድኃኒቱም መንደርደሪያውን አረፋ ማልበስ ነው።» እ.ኤ.አ. በጥር 2022 በደቡብ ኮሪያ አንድ ኤፍ-35 ተዋጊ ጄት ከንስር ጋር ተጋጭቶ ጎማው አልወጣም ባለ ጊዜ፣ በሶሳን የአየር ኃይል ጣቢያ በሆዱ አርፎ አብራሪው ያለ ጉዳት ወርዷል። በዚያ ዕለት አረፋ ፈስሶ እንደነበር አውቃለሁ፤ ሆኖም አብራሪውን ያዳነው በትክክለኛው ፍጥነት፣ ክንፉን አስተካክሎና የአውሮፕላኑን አፍንጫ ቀና አድርጎ ይዞ ማረፉ ነው። አስቀድሞ የሚፈስ አረፋ ብልጭታን ይቀንስ ይሆናል እንጂ አውሮፕላኑን አያቆምም፤ በእኛ ሙቀት ደግሞ ውኃው ቶሎ ስለሚተን ጄቱ ሳይደርስ አረፋው ይከስማል። ከሁሉ በላይ፣ በታንከሩ ውስጥ ያለው አረፋ የተወሰነ ነው። አስቀድሞ መሬት ላይ ያፈሰሰ ቡድን፣ አውሮፕላኑ ቆሞ እሳት ሲነሣ ባዶ መኪና ይዞ ይቆማል። ብዙ የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣናት ይህን አሠራር መምከር የተዉትም በዚህ ምክንያት ነው።

«ወፍ ጄትን ምን ታደርገዋለች?» ከላይ ያለው ንስር መልስ ካልሆነ የራሳችንን እናስታውስ፤ መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ከባሕር ዳር የተነሣ ቦይንግ 737 ርግቦች በሁለቱም ሞተሮቹ ገብተውበት ያለ ጎማ ለማረፍ ተገድዶ በእሳት ተያይዟል፤ 35 ሰዎችም ሞተዋል። በአውሮፕላን ማረፊያ ዙሪያ ቆሻሻ የሚጥል ሰው አሞራ እየጠራ መሆኑን ይወቅ።

«አብራሪው አውሮፕላኑን ጥሎ ሸሸ።» ይህን ስሰማ ይከፋኛል። አብራሪው የሚዘልበት፣ በሮኬት ተተኩሶ ከአውሮፕላኑ የሚወጣው ተወንጫፊ መቀመጫ ሰውን የሚያስወጣው ከክብደቱ ከአሥር እጥፍ በላይ በሆነ ኃይል በመሆኑ፣ በሕይወት የወጣው ሰው የጀርባ አጥንቱ መሰንጠቁ የተለመደ ነው። በምቾት የሚመረጥ መንገድ አይደለም። የሱ-27 መቀመጫ አውሮፕላኑ መሬት ላይ ቆሞ እንኳ አብራሪውን ሊያድን ይችላል፤ ሚግ-23 በተባለው ተዋጊ ጄት ላይ ያለው ግን መሬት ላይ የሚሠራው ፍጥነቱ በሰዓት 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ነው። ከመንደርደሪያ እየወጣ ያለ አብራሪ ትንሽ ልጠብቅ ቢል ፍጥነቱ ከዚያ በታች ይወርድበታል፤ አውሮፕላኑ ካዘነበለ ደግሞ መቀመጫው ወደ ጎን ከመሬት ጋር ይፈጠፍጠዋል። የሚወስንበት ጊዜ በሰከንድ የሚቆጠር ነው። ማርቲን ቤከር የተባለው የእንግሊዝ አምራች ብቻውን በመቀመጫዎቹ የተረፉ ከ7,600 በላይ ሰዎችን ይቆጥራል፤ እነዚህን ሁሉ ሽሽተኞች ማለት ነውር ነው።

አሁን ወደ ዋናው እመለሳለሁ፤ «አውሮፕላኑ ቆሟል፣ እሳትም የለውም፤ እንግዲህ ሮጦ ሰውየውን ማውጣት ነው» ወደሚለው።

ይህ እምነት ከደግ ልብ እንደሚመነጭ አልክድም። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ወንዝ ሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎችን በወሰደ ጊዜ ቀድሞ የደረሰው ጎረቤት እንደነበር የከተማችን ሰው አይረሳም። ነገር ግን የቆመ ተዋጊ ጄት ሌላ ነገር ነው፤ ጸጥ ባለበት ሰዓት ውስጡ ፈንጂ አለ። አብራሪው ሳይዘል ከቀረ ከሥሩ ያለው ሮኬት አልተተኮሰም ማለት ነው፤ የመስታወት ክዳኑም በብዙ ዓይነት ጄቶች ላይ በባሩድ ኃይል የሚነቀል ነው። የመተኮሻው እጀታ አብዛኛውን ጊዜ በአብራሪው ጭኖች መካከል ይገኛል፤ ቀይ ወይም ቢጫና ጥቁር ተቀብቷል። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2011 በእንግሊዝ ስካምፕተን ጣቢያ መሬት ላይ ቆሞ የነበረ የሆክ ጄት መቀመጫ፣ ምንም ግጭት ሳይኖር ተተኩሶ አብራሪውን ወደ ላይ ወረወረው፤ ፓራሹቱ ባለመከፈቱም ሞተ። በሥርዓት በቆመ አውሮፕላን ላይ ይህ ከሆነ፣ ተጋጭቶ በተጣመመው ውስጥ እጅ መስደድ ምን ሊያመጣ እንደሚችል ማንም ሊገምት ይችላል።

ካሠለጠንናቸው መካከል ጉልበቱ የሚያስቀና አንድ ወጣት ነበር። ልምምዱ ሲጀመር ከሁሉ ቀድሞ ወጣና በአብራሪው ቦታ የተቀመጠውን የመለማመጃ አሻንጉሊት ብብት ይዞ ወደ ላይ ሳበው። የአሻንጉሊቱ ጉልበት እጀታውን ይዞ ተነሣ፤ እጀታውም ወጣ። መለማመጃው መቀመጫ ባሩድ ስላልነበረው ወጣቱ ዛሬም በሕይወት አለ። ትክክለኛው ቅደም ተከተል ግን ሞተሩን ማጥፋት፣ መቀመጫው እንዳይተኮስ የሚያግደውን መቆለፊያ ፒን ማስገባት፣ ከዚያ በኋላ ብቻ የትከሻና የወገብ ቀበቶዎችን፣ የኦክስጅን ቱቦውንና እግርን ከመቀመጫው ጋር የሚያስሩትን ማሰሪያዎች መፍታት ነው። ፒኑ የሚገባበት ቦታ በየአውሮፕላኑ ዓይነት ይለያያል። ያልተማረው ሰው በድፍረት ሊያገኘው አይችልም፤ እኛም ያለ ልምምድ አናገኘውም።

መቀመጫው ብቻ አይደለም። አብራሪው ራሱን ከሳተ ሞተሩ እየሠራ ሊቀጥል ይችላል፤ የአየር ማስገቢያው ደግሞ ሰውን ከሜትሮች ርቀት የመሳብ ኃይል አለው። መድፉም ሮኬቱም የሚመለከቱት ወደ ፊት ነው፤ ሰው ደግሞ የአብራሪውን ፊት ለማየት ሲል ሁልጊዜ የሚሰበሰበው ከፊት ነው። ሚሳኤል ለማሳት የሚተኮሱት ነበልባሎችም በጎንና በኋላ ተቀምጠዋል።

ሰውየውን እንዳገኙት ጎትቶ ማውጣትስ? በደንገጎ ጠመዝማዛ መንገድ ላይ በተገለበጠ የጭነት መኪና አደጋ ደርሰን ነበር። ሾፌሩ በመጀመሪያ እግሩን ሲያንቀሳቅስ ያዩት ሰዎች ራሳቸው ናቸው የነገሩን፤ ነገር ግን እኛ ሳንደርስ አራት ሆነው እጅና እግሩን ይዘው አንጠልጥለው አወረዱት፤ ስንደርስ እግሩ አይሰማውም ነበር። በፓራሹት የወረደ አብራሪ ደግሞ ጀርባው እንደተጎዳ ተቆጥሮ መያዝ አለበት፤ ተነሥቼ ልሂድ ቢል እንኳ። የራስ ቁሩን አታውልቁ፣ ውኃ አታጠጡት፣ ደግፋችሁ አታስነሡት፤ እንደተኛ አንገቱ እንዳይንቀሳቀስ በሁለት እጅ ይዛችሁ አነጋግሩት። አንድ ብቸኛ ሁኔታ አለ፤ እሳት ወይም የሚሰፋ ነዳጅ ወደ ወደቀበት እየመጣ ከሆነ፣ ከብብቱ ይዛችሁ ጀርባውን ቀጥ አድርጋችሁ ጎትቱት። ፓራሹቱ ነፋስ ይዞ እየጎተተው ከሆነ ጨርቁን ከጫፉ ይዛችሁ አጥፉት እንጂ ከሰውየው ጋር አትታገሉ።

ጄት ከመንደርደሪያ ወጥቶ ሜዳ ላይ ሲቆም ያየ ሰው ማድረግ የሚገባው ደግሞ የሚከተለው ነው። ነፋሱ ከየት እንደሚነፍስ ተመልክቶ ጢሱ ወደማይመጣበት አቅጣጫ፣ ቢያንስ ሦስት መቶ ሜትር ይራቅ። ሲጋራ ያጥፋ፤ ባጃጁን አያስነሣ። ለፖሊስ ደውሎ ቦታውን፣ ጢስ ወይም እሳት መኖሩን፣ ፓራሹት አይቶ እንደሆነም ይናገር፤ ባለሁለት መቀመጫ ጄት ሁለት ፓራሹት ስለሚኖረው የቁጥሩ ነገር ለእኛ ወርቅ ነው። መንገዱን ክፍት ያድርግ። የዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት መመሪያ የእሳት አደጋ መኪና ወደ ማንኛውም የመንደርደሪያ ጫፍ ከሦስት ደቂቃ ባልበለጠ ጊዜ ደርሶ አረፋ መርጨት እንዲጀምር ያዝዛል፤ ይህ ግብ የሚሳካው በመንገዱ ላይ ሰው ካልቆመ ነው።

ሕዝብ አረፋው ውስጥ ገብቶ ሲራመድ ማየት ደግሞ የሾፌሮቻችን ቅዠት ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 በሳን ፍራንሲስኮ የአሲያና አውሮፕላን ሲከሰከስ፣ በአረፋ የተሸፈነች አንዲት ወጣት ተሳፋሪ በነፍስ አድን ተሽከርካሪዎች ተገጭታለች። አረፋ የወደቀን ሰው ይሸፍናል፤ ከፍ ብሎ የተቀመጠ ሾፌርም አያየውም።

«የእሳት አደጋ ሠራተኞቹ ደርሰው ቆመው ያያሉ» የሚለውን ወቀሳም እዚሁ ልመልስ። ፍሬኑ የጋለ ጄት ከቆመ በኋላ ሙቀቱ ከፍሬኑ ወደ ጎማው ስለሚተላለፍ፣ ከፍተኛው ግለት የሚደርሰው ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ጎማው በዚያ መካከል ከፈነዳ ስብርባሪው የሚበረው ወደ ጎን ነው። አብራሪው ከወረደና እሳት ከሌለ፣ ቱቦ ዘርግቶ ከርቀት መጠበቅ ሥራው ራሱ ነው፤ በጋለው ጎማ ላይ በጥድፊያ ብዙ ውኃ ማፍሰስ ደግሞ ብረቱን ሊሰነጥቀው ይችላል።

የመጨረሻው የስብርባሪው ጉዳይ ነው። እሳቱ ከጠፋ በኋላ ለልጆች መጫወቻ ወይም ለቆርቆሮ ገዢ የሚለቅሙ ሰዎች አሉ። ያልፈነዳ ካርትሪጅ፣ ማለትም ባሩድ የያዘ ቀለህ፣ ከተራ ቱቦ አይለይም። በዘመናዊ ጄቶች ላይ የሚገኘው የካርቦን ክር ሲቃጠል የሚተወው አቧራ ቆዳና ሳንባ ውስጥ ስለሚገባ፣ እኛ እንኳ ያለ ጭንብል አንጠጋውም። መርማሪዎችም የአደጋውን ምክንያት የሚያገኙት እያንዳንዱ ቁራጭ ከወደቀበት ቦታ ነውና፣ የተነሣው ቁራጭ ቢመለስ እንኳ የወደቀበት ቦታ አይመለስም።