የግል አጸደ ሕፃናት መምህራን ሥልጠናና ብቃት በጅማ

በጅማ ከተማ በግል አጸደ ሕፃናት የሚያስተምሩት በአብዛኛው ሴቶች ሲሆኑ፣ ልጆቹ «ሚስ» ወይም «ቲቸር» እያሉ ይጠሯቸዋል። እንደ ሌሎች የአገሪቱ ከተሞች ሁሉ እዚህም የግሉ አጸደ ሕፃናት ነርሰሪ፣ ኤልኬጂና ዩኬጂ በሚባሉ ሦስት ዓመታት የተከፈለ ነው፤ የክፍሉንም ሥራ ዋና መምህርት፣ ረዳት መምህርትና ሞግዚት ይጋሩታል። ሦስቱ መደቦች በወላጅ ዓይን ተቀራራቢ ቢመስሉም የሚጠይቁት ዝግጅት የተለያየ ነው።

ዘመናዊው አጸደ ሕፃናት ከመምጣቱ በፊት የጅማ ልጅ ፊደል የሚቆጥረው በቁርዓን ቤት ወይም በቄስ ትምህርት ቤት ነበር። በጅማው ንጉሥ በዳግማዊ አባ ጅፋር ዘመን ጅማ በእስልምና ትምህርት ማዕከልነቷ ስሟ የገነነ ሲሆን፣ አስተማሪውም የሚከበረው በያዘው ወረቀት ሳይሆን በተማረበት ሰው ነበር። በደርግ ዘመን የቀበሌ አጸደ ሕፃናት ተስፋፉ።

የዛሬው አሠራር መሠረት የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ነው። ፖሊሲው የአጸደ ሕፃናትን ዓላማ የልጁን ሁለንተናዊ ዕድገት ማገዝና ለመደበኛ ትምህርት ማዘጋጀት አድርጎ ቢያስቀምጥም፣ ትምህርቱን ግዴታ አላደረገም፤ በመሆኑም የማስተማሩን ሸክም በአብዛኛው የግል ባለሀብቶች፣ የሃይማኖት ተቋማትና ማኅበረሰቡ ተሸከሙት። የመምህርነቱ መግቢያ ለረጅም ጊዜ ከ10ኛ ክፍል በኋላ የሚሰጥ የአንድ ዓመት ሰርተፍኬት ነበር። በ2002 የትምህርት፣ የጤናና የሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴሮች በጋራ ያወጡት ብሔራዊ ማዕቀፍ የቅድመ ልጅነት እንክብካቤንና ትምህርትን በአራት ዘርፎች፣ ማለትም በወላጆች ትምህርት፣ በጤናና ቀዳሚ ማነቃቂያ፣ በአጸደ ሕፃናት እንዲሁም መደበኛ ባልሆነ የትምህርት ዝግጁነት ከፍሎ አስቀመጠ። ከዚያ በኋላ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከአንደኛ ክፍል በፊት ያለው «ዜሮ ክፍል» ሲስፋፋ በሰርተፍኬት ይገኝ የነበረው ሙያ ወደ ሦስት ዓመት ዲፕሎማ አደገ። የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከቀረ ወዲህ ደግሞ ሠልጣኞቹ 12ኛ ክፍልን ጨርሰው የሚመጡ ሆነዋል። የ2015ቱ አዲስ ፖሊሲ ቅድመ አንደኛን ሁለት ዓመት በማድረጉ ሦስት ዓመት የሚያስተምሩት የግል ተቋማት ነርሰሪን የት እንደሚያስቀምጡ ገና የሚያነጋግር ጉዳይ ነው።

የሥልጠናው እምብርት የልጆች ዕድገትና ሥነ ልቦና፣ በጨዋታ ማስተማር፣ ተረትና መዝሙር፣ ጤናና አመጋገብ እንዲሁም የመማሪያ መርጃዎችን ከአካባቢ ቁሳቁስ መሥራት ነው። በሚገባ የሠለጠነች መምህርት የአራት ዓመት ልጅ እርሳስ ከመጨበጡ በፊት ጣቱ መጠንከር እንዳለበት ስለምታውቅ፣ መጀመሪያ ጭቃ ታስቦካዋለች፣ ዶቃ ታስደረድረዋለች፣ ወረቀት ታስቀድደዋለች። በቡና አገር የመቁጠሪያ ፍሬ አይጠፋም፤ ሆኖም ትናንሾቹ ወደ አፋቸው እንዳይከቱት የቡናውን ፍሬ ለዩኬጂ አቆይታ ለነርሰሪ ትላልቅ የጠርሙስ ክዳን ታቀርባለች። ይህን ማስተዋል የሚሰጠው ከመማሪያ ክፍሉ ይልቅ ሠልጣኟ ልምድ ባለው መምህር ሥር የምታሳልፈው የተግባር ልምምድ ነው። በዚህ ረገድ ጅማ የምትኮራበት እሴት አላት፤ በ1992 የተቋቋመው ጅማ ዩኒቨርሲቲ ትምህርትን ከማኅበረሰቡ ኑሮ ጋር በማስተሳሰር አገር አቀፍ ዕውቅናን ያተረፈ ነው።

በቋንቋ ጉዳይ አስተያየቱ ይለያያል። በኦሮሚያ ክልል የመንግሥት የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአብዛኛው በአፋን ኦሮሞ የሚሰጥ ሲሆን፣ የግሎቹ ግን አማርኛን፣ አፋን ኦሮሞንና እንግሊዝኛን ያፈራርቃሉ፤ አንዳንድ ወላጆችም የትምህርት ቤቱን ጥራት ልጁ በሚናገረው እንግሊዝኛ ይለካሉ። ሕፃን ልጅ በአፍ መፍቻ ቋንቋው ቢጀምር እንደሚጠቀም ግን በሙያው ዘንድ የሚያከራክር አይደለም።

ሌላው ልዩነት በሥራ ሁኔታ ላይ ይታያል። የመንግሥት መምህር ከጀማሪ መምህር እስከ ከፍተኛ መሪ መምህር የሚወስድ የዕድገት መሰላል አለው፤ በዓመት 60 ሰዓት የተከታታይ ሙያ ማሻሻያ እንዲወስድም ይጠበቃል። የግል ተቋም መምህርት ግን በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የምትተዳደር በመሆኗ፣ ደመወዟና ዕድገቷ ከአሠሪዋ ጋር በምትፈርመው ውል ይወሰናል። ስለዚህ ሰርተፍኬቷን ወደ ዲፕሎማ፣ ዲፕሎማዋን ወደ ዲግሪ የምታሳድገው አብዛኛውን ጊዜ በራሷ ወጪ፣ ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ በክረምት ወይም ከሥራ በኋላ በማታ መርሐ ግብር ነው።