ፍቅር እስከ መቃብርን ከቃሉ ጀምሮ ማንበብ

የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ክፍለ ጊዜ ተቀምጦ የተማረ ሰው ሦስት ቃላት አይረሳም፤ ጭብጥ፣ ገፀ ባሕርይ፣ መቼት። ቃላቱ ራሳቸው ደስ ይላሉ። መቼት "መቼ" እና "የት" ተጋጥመው የወለዱት ነው። ታሪኩ መቼና የት እንደሆነ በአንድ ቃል ይነግረናል። ገፀ ባሕርይ ደግሞ ገጽን ከባሕርይ ያገናኛል። የሰውዬውን ፊትም ጠባዩንም ማለት ነው። ጭብጥ ከ"ጨበጠ" መጣ። መጽሐፉን ከዘጋን በኋላ እጃችን ላይ የሚቀረው ነገር ነው።

ክፍል ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚጀመረው ከጭብጥ ነው። "የዚህ ልብ ወለድ ጭብጥ ምንድን ነው?" ተብሎ ይጠየቃል። ተማሪው "ፍቅር" ይላል፣ ማርኩን ይወስዳል፣ በቃ። እኔ መንገዱ የተገላቢጦሽ ቢሆን ይሻላል ባይ ነኝ። መጀመሪያ ቃሉ ይያዝ። ቃሉ ሰውዬውን ያሳያል። ጭብጡ የሚገኘው ሰዎቹ እርስ በርስ ሲጋጩ ነው። ይህን ለማየት ደግሞ ከፍቅር እስከ መቃብር የተሻለ መጽሐፍ አላውቅም።

መጽሐፉ የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው። ከ500 ገጽ በላይ አለው። ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ በ1902 ዓ.ም. ጎጃም ውስጥ ተወለዱ። በልጅነታቸው የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ተማሩ፤ ቅኔም ቆጠሩ። ጣሊያን ሲወርር ተዋጉ፤ ተማርከውም ጣሊያን አገር ታሰሩ። ከነጻነት በኋላ በዲፕሎማትነት በውጭ አገር ብዙ ዓመት አገለገሉ፤ የትምህርት ሚኒስትርም ሆነዋል። ያረፉት በ1996 ዓ.ም. ነው። ከዚህ ሁሉ ለአንባቢ በጣም የሚጠቅመው ቅኔ ቤት ማለፋቸው ይመስለኛል። ቅኔ የተማረ ሰው ቃልን ዝም ብሎ አይጥልም።

ታሪኩ ባጭሩ ይህ ነው። በዛብህ የድሃ ገበሬ ልጅ ነው። ቤተ ክርስቲያን ተምሮ ዲማ ጊዮርጊስ ይደርሳል። እዚያ የባላባቱ የፊታውራሪ መሸሻን ልጅ ሰብለ ወንጌልን እንዲያስተምር ይደረጋል። መምህርና ተማሪ ይዋደዳሉ። ዘርና ማዕረግ አያገናኛቸውም። እሱ ወደ አዲስ አበባ ይሸሻል። እሷም ማንነቷን ደብቃ ከአባቷ ቤት ትወጣለች። ስታገኘው መንገድ ላይ ለሞት ተቃርቦ ነው።

አሁን ወደ ቃሉ። ከስሞቹ እንጀምር።

የበዛብህ አባት ቦጋለ መብራቱ ይባላል። እናቱ ውድነሽ በጣሙ ናት። እስቲ ስሞቹን ከነአባታቸው ቀስ ብላችሁ አንብቧቸው። "ቦጋለ መብራቱ" ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው። መብራቱ ቦግ አለ ይላል። "ውድ ነሽ በጣሙ"ም እንዲሁ። ልጅቷን ፊት ለፊት የሚያናግር ስም ነው። በፊታውራሪ መሸሻ ላይ የሚያምፁት ገበሬዎች መሪ አበጀ በለው ነው። "አበጀ! በለው!" ብላችሁ ድምፃችሁን ከፍ ብታደርጉ ፉከራ ይሆናል። አገራችን ልጅን ከአባት ስም ጋር አሰካክቶ መሰየም የቆየ ልማድ ነው። ሐዲስ ይህን ልማድ ወስደው ሥራ ሰጡት። አበጀ በለው ገና ሳይታይ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ጆሯችን ያውቀዋል።

ሰብለ ወንጌል የወንጌል ሰብል ማለት ነው። ሰብል ወቅት አለው። ደርሶ ካልታጨደ ይረግፋል። አባቷ የመጣውን ጠያቂ ሁሉ "ዘሩ አይመጥነንም" እያሉ ይመልሳሉ። ልጅቷ ዕድሜዋ እየሄደ ቤት ትቀመጣለች። ስሟ ላይ ያለው የደረሰ አዝመራ እዚህ ጋ ልብ ይነካል። ፊደል የሚያስቆጥራት ደግሞ የቤተ ክርስቲያን ተማሪ ነው። ወንጌሉም መጣ ማለት ነው።

በዛብህ የሚለውን ስም ግን ስንፈታ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። "በዛ" እና "ብህ" ነው፤ ብዙ ሆነብህ። ወላጆቹ ስለ እሱ የተሳሉት ስለትም፣ ፍቅሩም፣ ስደቱም በአንድ ሰው ትከሻ ላይ በዝቷል ብሎ መተርጎም ይቻላል። ያም ሆኖ በዛብህ በአገሩ የተለመደ ስም ነው። ደራሲው ይህን አስበው ነው ብሎ መማል አይቻልም። ጥሩ ተንታኝ "ስሙ ይህን እንድናስብ በር ይከፍታል" ይላል፤ እዚያ ላይ ያቆማል።

ከሁሉም የሚበልጥብኝ ጉዱ ካሳ ነው። እውነተኛ ስሙ ካሳ ዳምጤ ነው። የፊታውራሪ መሸሻ ዘመድ፣ የተማረ፣ ሊቅ ሰው ነው። የሚናገረው ነገር ካካባቢው ሰው አስተሳሰብ ስለማይገጥም "ጉዱ" አሉት። ጉድ ምን ማለት ነው? የሚያስደንቅ ነገር ጉድ ነው። የሚያሳፍርም ነገር ጉድ ነው። "ጉድ ፈላ" እንላለን። "ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም" እንላለን። ቃሉ አድናቆትንም ውርደትንም አንድ ላይ ይዟል። መጨረሻ ላይ ያለችው "ኡ" ደግሞ ሁለት ሥራ ትሠራለች። "ያ ጉድ የሆነው" ልትል ትችላለች። "የእሱ ጉድ" ማለትም ትችላለች። ሰዎቹ ስሙን ለስድብ አወጡት። መጽሐፉ ሲሄድ ግን ጉዱ የማን እንደሆነ ይገለበጣል። ሰውዬው አፉን በከፈተ ቁጥር የሚወጣው የእነሱ ጉድ ነው።

ሌላው ቃል የሚሠራበት ቦታ አንቱታ ነው። አማርኛ ማዕረግን ግሡ ውስጥ ይከታል። ፊታውራሪ መሸሻ "አሉ" ይባላል፤ በዛብህ "አለ" ይባላል። አንድ ፊደል ናት ልዩነቱ። ይህች ፊደል ግን በሁለቱ ሰዎች መካከል ያለውን ገደል በየገጹ ታሳየናለች። ስለዚህ የንግግር ክፍል ስታነቡ ማን ማንን አንተ እንዳለ፣ ማን ማንን አንቱ እንዳለ እያያችሁ እለፉ። ፍቅር በዚህ አጥር ውስጥ ነው የሚበቅለው። የሌላ አገር ቋንቋ ተናጋሪ ይህን ለማሳየት ብዙ መግለጫ ያስፈልገው ነበር።

ወደ ሰዎቹ ስንመጣ ብዙ አንባቢ የሚጠይቀው ጥያቄ አለ። የፍቅር ታሪክ ከሆነ ለምን ከልጁ ወላጆች ይጀምራል? መጽሐፉ የሚከፈተው ማንኩሳ ላይ፣ ቦጋለና ውድነሽ እንዴት እንደተገናኙ በመተረክ ነው። ትዕግስት የሌለው አንባቢ ይህን ይዘለዋል። ባይዘለው ይሻላል። ቋጠሮው ያለው እዚያ ነውና። በዛብህ ሕፃን ሳለ ይታመማል። ወላጆቹ ልጁ ቢድንላቸው ለቤተ ክርስቲያን ሊሰጡት ይሳላሉ። ልጁ ይድናል። ስለቱ ግን አብሮት ያድጋል። ስለዚህ በዛብህ ሰብለን ሲወድ የሚገጥመው ፊታውራሪ መሸሻን ብቻ አይደለም። በገዛ ወላጆቹ አፍ የተነገረ ቃል አለበት። እሱ ራሱ ያላለውን ቃል የመጠበቅ ዕዳ ወድቆበታል። የውጭ ጠላት ቢሸሹት ይቀራል፤ ስለትን ግን የትም ይዞት ይሄዳል።

ሰብለ ወንጌልን እንደ ተጎጂ ብቻ የሚያዩ ትንተናዎች አጋጥመውኛል። አልስማማም። በመጽሐፉ ውስጥ ትልቁን ውሳኔ የወሰነችው እሷ ናት። የባላባት ልጅ ብቻዋን ከቤት ወጥታ የዓባይን በረሃ አቋርጣ ፍቅረኛዋን ፍለጋ ስትሄድ በዚያ ዘመን ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። በዛብህ ይሸሻል፤ እሷ ትፈልጋለች። የግሦቹን ልዩነት ልብ ይሏል።

ፊታውራሪ መሸሻም በሚገባ የተሣሉ ሰው ናቸው። ክፉ ብሎ ማለፍ ይቀላል። ዘርና ክብር የሚባለውን ነገር ግን ከልባቸው ያምኑበታል፤ ልጃቸውንም የጎዷት በዚያ እምነት ነው። ገበሬዎቻቸው አልገብርም ሲሏቸው ጦር ይዘው ይዘምቱባቸዋል። ከዚያም በገዛ ጭሰኞቻቸው እጅ ይወድቃሉ፤ አበጀ በለው ይማርካቸዋል። ከዚህ በኋላ የፊታውራሪነት ማዕረጋቸው ሲጠራ ለጆሮ እንደ ድሮው አይሰማም። ቃሉ ያው ነው፤ ክብደቱ ግን ሄዷል።

ጭብጡ የሚጨበጠው ይሄኔ ነው። ጉዱ ካሳ ኅብረተሰቡን ሕይወት ከሌለው የድንጋይ ካብ ጋር የሚያመሳስልበት ዝነኛ ንግግር አለ። የታችኛው ድንጋይ የላይኛውን ተሸክሞ ይኖራል። ጊዜ ሲበዛ ግን የታችኛው ማፈንገጡ አይቀርም፤ ያኔ የላይኛውም ይወድቃል። ስለዚህ አወዳደቁ ሳይከፋ እንደገና ይሠራ ነው የሚለው። ካብ የሚለውን ምርጫ እዩት። ግንብ አላለም። ግንብ በኖራ በጭቃ ይያያዛል። ካብ ማያያዣ የለውም። ድንጋይ በድንጋይ ላይ ነው፤ የሚያቆመው ክብደቱ ብቻ ነው። ጎጃም ውስጥ የማሳ ዳር ካብ አይቶ ያደገ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። ከታች አንዷ ስትንሸራተት ከላይ ያለው ሁሉ ይናዳል።

ዘመኑንም እናስታውስ። በ1957 ዓ.ም. የካቲት ላይ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች "መሬት ላራሹ" ብለው አዲስ አበባ ላይ ሰልፍ ወጥተዋል። መጽሐፉ የወጣው በዓመቱ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ዙፋን ላይ ናቸው፤ የጽሑፍ ሳንሱርም አለ። ካቡ የተናደው ደግሞ በ1966 ዓ.ም. ነው። ሐዲስ ነቢይ ነበሩ ማለቴ አይደለም። የታችኛውን ድንጋይ ልብ ብለው ያዩ ሰው ነበሩ። ፍቅሩ ያለ ካቡ ተራ የሐዘን ታሪክ ይሆን ነበር። ካቡም ያለ ፍቅሩ ደረቅ ስብከት ይሆን ነበር።

ይህ ከቃል ወደ ሐሳብ የሚሄድ አነባበብ ከውጭ የመጣ እንዳይመስላችሁ። ቅኔ ቤት ውስጥ የኖረ ነው። ሰምና ወርቅ የሚለው ስያሜ ከአንጥረኛ ሙያ የተወሰደ ነው። አንጥረኛው መጀመሪያ ጌጡን በሰም ይሠራል፤ በሸክላ ጭቃ ይለብጠዋል፤ ሰሙን አቅልጦ ያወጣና በቦታው ወርቁን ያፈሳል። ሰሙ ባይኖር ወርቁ ቅርጽ አያገኝም። የቅኔ ተማሪ አንድን ቃል ይዞ ሁለት ሦስት ትርጉም እየፈለገ ከጓደኞቹ ጋር ሲከራከር ይውላል። የአንድምታ መምህርም "አንድም" እያለ ትርጉም በትርጉም ላይ ይደርባል። ዘመናዊው የሥነ ጽሑፍ ትምህርት ስያሜዎቹን ለወጠ እንጂ ጆሮው የተቀረጸው እዚያ ነው።

ጆሮ ካልኩ አይቀር ሬዲዮው አለ። ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ መጽሐፉን በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው ማንበብ የማይችለውም ሰው ሰማው። ለትንተና ይህ ትልቅ ነገር ነው። የአማርኛ ፊደል መጥበቅና መላላትን አያሳይም። "አለ" ተብሎ የተጻፈው "ተናገረ" ይሁን "ይኖራል" ይሁን የሚለየው ድምፅ ነው። ወጋየሁ የት እንደሚያጠብቅ፣ የት እንደሚያርፍ፣ ለጉዱ ካሳ ምን ዓይነት ድምፅ እንደሚሰጥ መምረጥ ነበረበት። እያንዳንዱ ምርጫ ትርጓሜ ነው። ስለዚህ አንድ ገጽ ሲከብዳችሁ ድምፃችሁን አውጥታችሁ አንብቡት።

ትንተና ላይ በብዛት የሚታየው ስህተት ታሪኩን እንደገና መተረክ ነው። ሁለተኛው ጉዱ ካሳን ከደራሲው ጋር አንድ ማድረግ ነው። ጉዱ ካሳ የሐዲስን ሐሳብ ይናገራል የሚሉ ብዙ ናቸው፤ ምክንያትም አላቸው። ነገር ግን ሐዲስ ውድነሽንም ፊታውራሪንም ጽፈዋል፤ ለእነሱም አንደበት ሰጥተዋል።

በመጨረሻ ርዕሱ ይቀራል። "እስከ ሞት" ቢሉ ኖሮ ጊዜን ነበር የሚናገሩት። "እስከ መቃብር" ሲሉ ቦታ ሰጡን፤ አፈርና ድንጋይ ያለው፣ ሄደው የሚቆሙበት ቦታ። በዛብህ ከሞተ በኋላ ሰብለ ትመነኩሳለች፤ መቃብሩን ትጠብቃለች። ጉዱ ካሳም ይመጣል። ኋላም ሦስቱ አንድ ላይ ይቀበራሉ። "እስከ" ደግሞ ተንኮለኛ ቃል ናት። እስከ ገበያ ሸኘሁት ስንል ገበያው ውስጥ ገባን ወይስ በሩ ላይ ተመለስን? ፍቅሩ መቃብሩ አፍ ላይ ያበቃል ወይስ አብሮ ይገባል? በ2005 እ.ኤ.አ. የወጣው የእንግሊዝኛ ትርጉም ለመቃብር የመረጠው "ክሪፕት" የሚለውን ቃል ነው። ክሪፕት ከቤተ ክርስቲያን ወለል ሥር የሚሠራ የቀብር ክፍል ነው፤ ጣሪያና ግድግዳ አለው። የአማርኛው "መቃብር" ግን ጣሪያና ግድግዳ አይጠይቅም፤ አፈርና ድንጋይ ይበቃዋል።