የፓላዲን ድግምት የሚለካው በጥበብ ነው ወይስ በግርማ ሞገስ?

ተጫዋቾች ገጸ ባሕርይ ተላብሰው በዳይስ በሚጫወቱት የዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ጨዋታ ፓላዲን በመሐላ የታሰረ ጦረኛ ነው፤ ሰይፍም ድግምትም አለው። ነጥብ ከሚሰጣቸው የገጸ ባሕርይው ችሎታዎች ድግምቱ በየትኛው እንደሚለካ ግን ብዙዎችን ግራ ያጋባል። መልሱ የሚወሰነው በእጃችሁ ባለው የሕግ መጽሐፍ እትም ነው።

እ.ኤ.አ. በ2003 በወጣው 3.5 እትም መለኪያው ጥበብ ነበር። አራተኛ ደረጃ የደረሰ ፓላዲን በቀን ስንት ድግምት እንዳለው ሰንጠረዡን ሲያይ የሚያገኘው 0 ነው። የኅትመት ስህተት አይደለም፤ ጥበቡ 12 ከሆነ በጭማሪ አንድ ድግምት ያገኛል፣ 11 ከሆነ ግን ምንም። በእጁ ዳስሶ መፈወስን የመሳሰሉት ሌሎች ኃይሎቹ ደግሞ ግርማ ሞገስን ይጠይቃሉ። ነጥብን እንዲህ በሁለት ችሎታዎች ላይ ማከፋፈል ለጀማሪ የከበደ ሕግ ነበር።

በ2014 የወጣው አምስተኛ እትም የድግምቱን መለኪያ ወደ ግርማ ሞገስ አዛወረው፤ ትክክለኛ ውሳኔ ይመስለኛል። እዚህ ላይ የተለመደው ስህተት ነጥቡን ራሱን መደመር ነው። የሚደመረው ከነጥቡ የሚገኘው ጭማሪ ነው፦ 10 ቀንሱ፣ ለሁለት አካፍሉ፣ ግማሽ ከተረፈ ጣሉት። ነጥቡ 16 ከሆነ ጭማሪው 3 ነው፤ 17 ቢሆንም ያው 3 ነው። ጠላት ድግምቱን ለመቋቋም በዳይስ ሊደርስበት የሚገባው ቁጥር 8፣ የብቃት ጭማሪው (ከደረጃው ጋር የሚያድግ ቁጥር፤ በአምስተኛ ደረጃ 3 ነው) እና ይህ 3 ተደምረው ነው፤ ለአምስተኛ ደረጃ ፓላዲን 14 ይሆናል።

በቀን ስንት ጊዜ ድግምት እንደሚጠቀም የሚወስነው ግን ደረጃው ብቻ ነው፤ ግርማ ሞገሱ 20 ቢደርስም አንድ አይጨምርለትም። ባልንጀሮቹን በውጊያ የሚያግዝበት የቡራኬ ድግምትም ግርማ ሞገሱ ዝቅ ስላለ ኃይሉ አይቀንስም።