ተከታይ፣ ገዢ እና «ዋጋ በውስጥ መስመር»፦ በማኅበራዊ ሚዲያ ደንበኛን ስለማወቅ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከሽሮሜዳ የሐበሻ ልብስ ሻጮች እስከ መርካቶ የኤሌክትሮኒክስ መደብሮች ድረስ የቴሌግራም ቻናል፣ የፌስቡክ ገጽ ወይም የቲክቶክ አካውንት የሌለው ነጋዴ እያነሰ ነው። ሱቁን ከመክፈቱ በፊት ቻናሉን የሚከፍትም አለ። የዕቃው ፎቶ ይለጠፋል፣ ከሥሩ ስልክ ቁጥርና «ያሉበት እናደርሳለን» ይጻፋል፣ በዚህም ሥራው አለቀ ይባላል። ይህ መድረክ ግን መንገድ ዳር ከቆመ የቆርቆሮ ማስታወቂያ በአንድ ነገር ይለያል፤ ያነበበው ሰው መልሶ ይናገራል። ብዙ ነጋዴ የሚያጣው ይህንኑ ነው፤ ይለጥፋል እንጂ አያዳምጥም። እንዳያዳምጥ የሚያደርጉት ደግሞ ከነጋዴ ወደ ነጋዴ ሲተላለፉ እንደ ሕግ የተቆጠሩ አንዳንድ እምነቶች ናቸው።

«ብዙ ተከታይ ካለኝ ብዙ ደንበኛ አለኝ»

የተከታይ ቁጥር በገንዘብ ይገዛል፤ ይህን የማያውቅ ነጋዴ ያለ አይመስለኝም። ቢሆንም ሁሉም የጎረቤቱን ቁጥር እያየ ይቀናል። 50 ሺህ አባል አለው የሚባል ቻናል ላይ ከፎቶው ሥር ያለችው የዓይን ምልክት 800 ስታሳይ ቀሪው ሕዝብ የት እንደሄደ መጠየቅ ተገቢ ነው። የዓይኗም ቁጥር ብትሆን በጥንቃቄ የምትነበብ ናት። ጽሑፉ ወደ ሌላ ቡድን ሲተላለፍ እዚያ ያዩት ሰዎች አብረው ስለሚቆጠሩ፣ ቁጥሯ ከፍ ማለቱ የቻናሉ አባላት ነቅተዋል ማለት ላይሆን ይችላል። ፌስቡክ ላይ ደግሞ ገጹን የተከተለ ሁሉ የሚለጠፈውን አያይም። ኩባንያው የወዳጅና የቤተሰብን ጽሑፍ ከንግድ ገጾች እንደሚያስቀድም በይፋ ያስታወቀው እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2018 ነው።

የሚቆጠረው የሚጠይቅ ሰው ነው። በዚህ ሳምንት ስንት ሰው ጠየቀ? ከጠየቁት ስንቱ ገዛ? ያልገዛው ምን ከተነገረው በኋላ ዝም አለ? ለዚህ ውድ ሶፍትዌር አያስፈልግም፤ ባለ 50 ሉክ ደብተር ይበቃል።

«ዋጋውን ካልጻፍኩ ደንበኛው ራሱ ይጠይቀኛል»

ከሁሉም የሚያናድደኝ ይህ ነው። የሚያምር ጫማ ይለጠፋል፤ «ዋጋ ስንት ነው?» የሚሉ ሠላሳ ሰዎች ከሥሩ ይሰለፋሉ፤ ለሠላሳውም «በውስጥ መስመር መልሰናል» የሚል አንድ ዓይነት መልስ ይሰጣል። ይህን የሚያደርጉ ነጋዴዎች ምክንያት የላቸውም ማለት አይደለም። አንዱ «ከጻፈልኝ አነጋግሬ አሳምነዋለሁ» ይላል። ሌላው አስተያየት ሲበዛ ጽሑፉ ለብዙ ሰው ይታያል ብሎ ያምናል። ሦስተኛው ተፎካካሪውን ይፈራል። አራተኛው በምንዛሪ ያመካኛል።

የተፎካካሪው ፍርሃት ብዙም አያስኬድም። ዋጋ ማወቅ የፈለገ ተፎካካሪ እንደ ገዢ ሆኖ ይጠይቃል፤ መልሱንም ያገኛል። ዋጋው የተደበቀው ለመጠየቅ ከሚያፍረው ሰው ብቻ ነው፤ እንዲህ ያለው ገዢ ደግሞ በእኛ ዘንድ ጥቂት አይደለም። «ብጠይቅና ባልገዛ ምን ይሉኛል?» ብሎ ስልኩን የሚያስቀምጥ ብዙ ነው። የምንዛሪው ምክንያት ግን እውነትነት አለው። የብር የምንዛሪ ተመን ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ ከውጭ ዕቃ የሚያመጡ ነጋዴዎች የትናንቱን ዋጋ ዛሬ ለመድገም ተቸግረው ነበር። ቢሆንም መፍትሔው መደበቅ አይደለም፤ ከዋጋው አጠገብ ቀን መጻፍ ነው። «ይህ ዋጋ እስከ ቅዳሜ የጸና ነው» ያለ ሻጭን የሚወቅስ ገዢ የለም።

እዚህ ላይ ሕጉንም ማስታወስ ይበጃል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ የዕቃውን ዋጋ በንግድ ቤቱ በግልጽ በሚታይ ቦታ እንዲለጥፍ ወይም በዕቃው ላይ እንዲያመለክት ያዛል። አንቀጹ የተጻፈው ሱቅን በማሰብ ነው። መደርደሪያውን ወደ ስልክ ያዛወረ ነጋዴ ግን ገዢው ዋጋ አይቶ የመወሰን ፍላጎቱን ሱቅ በር ላይ ትቶት እንደማይመጣ ቢያውቅ ጥሩ ነው።

ዋናው ኪሳራ ግን ሌላ ነው። ዋጋ ሲደበቅ ሁሉም ሰው አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቃል፤ ከዚያ ጥያቄ ነጋዴው የሚማረው አንዳች ነገር የለም። ዋጋው ሲጻፍ «ስንት ነው?» ይጠፋና ሌሎቹ ጥያቄዎች ብቅ ይላሉ። «44 ቁጥር አለ?» «ሲታጠብ ቀለሙ ይለቃል?» «ክፍለ ሀገር ትልካላችሁ?» «ጥለቱ የእጅ ነው የማሽን?» እነዚህ ጥያቄዎች እያንዳንዳቸው መረጃ ናቸው። 44 ቁጥር በአንድ ሳምንት አምስት ጊዜ ከተጠየቀ ቀጣዩ ጭነት ምን መያዝ እንዳለበት ታውቋል። ስለ ቀለም የሚጠይቅ ሰው ቀድሞ ሌላ ቦታ ተታሏል ማለት ነው፤ ስለዚህ ለእሱ ከአሥር ፎቶ ይልቅ ልብሱ ሲታጠብ የሚያሳይ አንድ ቪዲዮ ይበልጥበታል። «ለጥምቀት ይደርሳል?» የሚለው ጥያቄ መምጣት የሚጀምርበትን ሳምንት የመዘገበ የሐበሻ ልብስ ሻጭ ደግሞ፣ በሚቀጥለው ዓመት ሸማኔውን መቼ ማነጋገር እንዳለበት ማንንም ሳይጠይቅ ያውቃል።

«አስተያየት የሚሰጡት ሰዎች ደንበኞቼን ይወክላሉ»

በድረ ገጾች አጠቃቀም ጥናት የሚታወቀው ያኮብ ኒልሰን እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣው ጽሑፍ፣ በኢንተርኔት ማኅበረሰቦች ውስጥ ከመቶው 90 ያህሉ አንባቢ ብቻ እንደሆኑ፣ 9ኙ አልፎ አልፎ እንደሚሳተፉና አብዛኛውን የሚጽፈው 1ዱ እንደሆነ ገልጿል። ቁጥሩ ለሁሉም መድረክ እኩል አይሠራም፤ ዝንባሌው ግን ቻናል ለያዘ ሁሉ የታወቀ ነው። የሚጽፈው በጣም የወደደ፣ በጣም የተናደደ፣ ወይም ጊዜ የተረፈው ሰው ነው። ገዝቶ ተመችቶት ዝም ያለው ሰው የትም አይታይም።

ብዙ ድምፅ መሰብሰብም ችግሩን አይፈታውም። ሊተራሪ ዳይጀስት የተባለው የአሜሪካ መጽሔት እ.ኤ.አ. በ1936 ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ ላይ ወደ 10 ሚሊዮን ለሚጠጉ ሰዎች የመጠይቅ ካርድ ልኮ ከ2 ሚሊዮን በላይ መልስ ሰበሰበ። አልፍ ላንደን ያሸንፋል ብሎም ጻፈ። ፍራንክሊን ሩዝቬልት ከ48ቱ ግዛቶች 46ቱን ወስዶ አሸነፈ። መጽሔቱ አድራሻ የወሰደው በአብዛኛው ከስልክ ማውጫና ከመኪና ባለቤቶች ዝርዝር ነበር፤ በዚያ የድህነት ዘመን ስልክና መኪና የነበረው ደግሞ የደላው ሰው ነው። ከመለሱት ሰዎች ይልቅ ያልተጠየቁትና ያልመለሱት በዙ።

በእኛ ገበያ ይህ ክፍተት የራሱ መልክ አለው። ከአንድ የሐበሻ ቀሚስ ፎቶ ሥር «አቤት ሲያምር!» የሚለው አስተያየት ሲበዛ፣ ጸሐፊዎቹ ከዋሽንግተን፣ ከሪያድ ወይም ከቴል አቪቭ ሊሆኑ ይችላሉ። አስተያየቱ የገባበትን ሰዓት ማየት ፍንጭ ይሰጣል፤ አዲስ አበባ ላይ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ሲሆን ዋሽንግተን ላይ ገና አመሻሽ ነው። ይህ ሰው ደንበኛ አይደለም ማለት አይደለም፤ እንዲያውም ለበዓል ለእናቱ ልብስ የሚገዛው እሱ ነው። ነገር ግን ከፋዩ ውጭ አገር፣ ለባሿ ደብረ ብርሃን ናት። እሱ ስለ መልኩና ስለ መላኪያው ይጠይቃል፤ እሷ ስለ ልኩ ትጨነቃለች፤ ቴሌግራም ላይ ግን የለችም። ዕቃው ከደረሳት በኋላ ስልክ ደውሎ «እማማ፣ ልክዎ ሆነ?» ብሎ መጠየቅ አንድ ደቂቃ የማይፈጅ የገበያ ጥናት ነው።

«እንገዛለን ብለዋል፤ ስለዚህ ይገዛሉ»

የቴሌግራም የድምፅ መስጫ ለዚህ ዓይነት ስህተት ተመችቷል። «ይህን ቦርሳ ብናስመጣ ትገዛላችሁ?» ተብሎ ይጠየቃል፤ ከመቶው 85ቱ «አዎ» ይላል፤ ዕቃው መጥቶ መጋዘን ውስጥ ይከርማል። የመረጡት ሰዎች አልዋሹም። ሰው የማያስከፍለውን ጥያቄ በመልካም ፈቃድ ይመልሳል፤ የእኛ ሰው ደግሞ ፊት ለፊት «አይ፣ አልወደድኩትም» ማለት ይከብደዋል።

አባቶቻችን ለዚህ የቆየ መሣሪያ ነበራቸው፤ ቀብድ ይባላል። «ቀድሞ ለሚያዝ ሰው፣ ቀብድ 300 ብር» ተብሎ ሲለጠፍ፣ 85ቱ «አዎ» ወደ ሰባትና ስምንት ይወርዳል፤ እነዚያ ሰባትና ስምንቱ ግን እውነተኛ ቁጥር ናቸው። በቴሌብር ወይም በባንክ ዝውውር ቀብድ መቀበል ዛሬ ቀላል ነው፤ ዕቃው ካልመጣ ወዲያው መመለስ ደግሞ ግዴታ ነው። ቀብድ በልቶ የጠፋ ቻናል በዚህች ከተማ ስንት እንደሆነ ገዢው ያውቃል፤ ስለዚህ ያለፉ ተመላሾችን ማስረጃ ማሳየት አይከፋም።

ጥያቄ መጠየቅ ካስፈለገም ስለ ወደፊቱ ሳይሆን ስላለፈው ይሁን። «ትገዙ ነበር?» ከማለት «ባለፈው ጊዜ ቦርሳ ስትገዙ ስንት ከፈላችሁ? ከየት ገዛችሁ?» ማለት ይሻላል። ያደረገውን የሚናገር ሰው ብዙም አይሳሳትም።

«ክፉ አስተያየት መደምሰስ ነው»

የተደመሰሰ አስተያየት ስክሪኑ ፎቶ ተነሥቶ ሌላ ቡድን ውስጥ ይመለሳል፤ ያን ጊዜ ርዕሱ «ዕቃው ተቀደደ» መሆኑ ቀርቶ «አፌን ዘጉኝ» ይሆናል። ስድብንና ዘር ተኮር ጥቃትን መደምሰስ ተገቢ ነው፤ ቅሬታን ግን አይደለም። ቅሬታን በአደባባይ መመለስ የሚጠቅመው አንድ ተናዳጅ ለማብረድ ብቻ አይደለም፤ ያንኑ ጥያቄ ሳይጽፉ የሚያነቡ ብዙ ናቸው። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2010 የአይስላንድ እሳተ ገሞራ አመድ የአውሮፓን ሰማይ ሲዘጋ፣ የኔዘርላንዱ አየር መንገድ ኬ.ኤል.ኤም በየአውሮፕላን ማረፊያው ለቀሩ መንገደኞች በፌስቡክና በትዊተር መልስ መስጠት ጀመረ። ከዚያ ወዲህ የማኅበራዊ ሚዲያ የደንበኞች አገልግሎቱ ስመ ጥር ሆነ።

መልሱ አጭር ይሁን፤ ምን እንደተፈጠረ፣ ምን እንደሚደረግ፣ መቼ። «ውድ ደንበኛችን፣ ለተፈጠረው ሁሉ ከልብ እናዝናለን» የሚለውን ቅጂ አስቀድሞ አንብቦ ያልጠገበ የለም። የትዕዛዝ ዝርዝሩን፣ የመኖሪያ ሰፈሩንና ስልኩን ግን በውስጥ መስመር መቀበል ይገባል፤ የውስጥ መስመር ትክክለኛ ቦታው እዚህ ነው።

«ስሜን ፈልጌ አጣሁት፤ ስለዚህ ስለ እኔ የሚያወራ የለም»

በአማርኛ አንድን ስም በአንድ ፊደል አደራደር ብቻ መፈለግ ግማሹን ወሬ ያስቀራል። «ፀሐይ» የሚባል ካፌ ያለው ሰው «ጸሐይ»፣ «ፀሀይ»፣ «ጸሃይ» እያለም መሞከር አለበት፤ በላቲን ፊደል የሚጽፉትም እንደ ልባቸው ነው የሚጽፉት። የተገኘውን አስተያየት «ጥሩ» እና «መጥፎ» ብሎ ለማሽን ማስለየትም ለጊዜው አያስተማምንም። ሦስት ቀን የዘገየ ዕቃ የደረሰው ሰው «በርቱ፣ በዚህ ፍጥነት ለፋሲካ ትደርሳላችሁ» ብሎ ከጻፈ፣ ማሽኑ ምስጋና ብሎ ሊመዘግብለት ይችላል። ሰው ያንብበው።

«በሁሉም መድረክ ላይ መገኘት አለብኝ»

የለብህም። መልስ የሚሰጥ ሰው የሌለው ገጽ ከሌለ ገጽ ይብሳል። ደንበኞች በብዛት የሚጠይቁበትን አንድ ወይም ሁለት መድረክ መያዝ ይበቃል። ይልቅ የሚያሳስበው ሌላ ነው፤ ከየካቲት 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለአምስት ወራት ያህል ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ በኢትዮጵያ ተገድበው ነበር። የደንበኞቹ ዝርዝር ቻናሉ ውስጥ ብቻ የነበረ ነጋዴ ብዙዎቹን ማግኛ አጣ። መደበኛ ደንበኞችን ስማቸውን፣ ስልካቸውንና የገዙትን በራስ መዝገብ መያዝ ያስፈልጋል።

«ስልኩን ስለሰጠኝ ማስታወቂያ ልልክለት እችላለሁ»

ዕቃ እንዲደርሰው ስልኩን የሰጠ ሰው ለዕቃው ነው የሰጠው። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ተቀባዩ አስቀድሞ ሳይፈቅድ በኢሜይልና በመሳሰሉት አድራሻዎች የንግድ ማስታወቂያ መላክን በወንጀል ያስቀጣል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ደግሞ የሰውን መረጃ ለአንድ ዓላማ ተቀብሎ ለሌላ ማዋል ይበልጥ የሚያስጠይቅ ሆኗል። ደንበኛዋ ቀሚሱን ለብሳ የላከችውን ፎቶ ሳትጠየቅ ቻናል ላይ መለጠፍም ከዚሁ አይርቅም። ርክክቡ ላይ «አዲስ ዕቃ ሲገባ እንንገርዎት?» ብሎ መጠየቅ፣ «አይ» ያለውን ከዝርዝሩ ማውጣት፣ «እሺ» ያለውን ደግሞ የጠየቀው 44 ቁጥር ሲገባ ብቻ መጥራት ነው።