የአሻንጉሊት ቤትና ጥቃቅን ዕቃዎቹ፦ ከወዳጅ ጋር የሚሠራ የእጅ ሥራ

የአሻንጉሊት ቤት፣ ወይም ዶልሃውስ፣ የእውነተኛ ቤት መልክ ይዞ በትንሹ የተሠራ ቤት ነው። ግድግዳ፣ ጣሪያና መስኮት አለው። ከፊት ወይም ከኋላ ሲከፈት ሳሎኑ፣ ማድ ቤቱና መኝታ ቤቱ ከነዕቃው ይታያል። ስሙን የሰማ የልጆች መጫወቻ ብቻ ይመስለዋል። ልጆችም በእርግጥ ይጫወቱበታል። እዚህ የምናየው ግን አዋቂዎች የሚሠሩትን፣ የሚሰበስቡትንና እርስ በርስ የሚለዋወጡትን ነው። ሥራው ሚኒያቸር ይባላል፤ ሠሪዎቹም ሚኒያቸሪስቶች። በአማርኛ ስለዚህ ሥራ በአንድ ቦታ የተሰበሰበ ጽሑፍ ማግኘት ከባድ ነው። ስለዚህ በሙዚየም ከሚታየውና በቡድን ከሚሠራው ያገኘሁትን እንዲህ አሰባስቤዋለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስኬል

ስኬል ማለት ዕቃው ከእውነተኛው ስንት ጊዜ እንደሚያንስ የሚናገር ልኬት ነው። የዚህ ሥራ ሕግ አንድ ነው፤ ሁሉም ዕቃ በአንድ ስኬል መሠራት አለበት። በብዛት የሚሠራበት 1፡12 ነው። አንድ ኢንች አንድ ጫማን፣ ማለትም 12 ኢንችን፣ ይወክላል ማለት ነው። ቁመቱ 1 ሜትር ከ80 የሆነ ሰው 15 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ሁለት ሜትር በር 17 ሴንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም። ቤት የጠበባቸው ሰዎች የዚህን ግማሽ፣ 1፡24ን ይመርጣሉ። ሩቡ 1፡48 ነው። ከዚያ ወርዶ 1፡144 አለ። ይህኛው 1፡12 ቤት ውስጥ ለምትኖር አሻንጉሊት የአሻንጉሊት ቤት ሆኖ የሚቀመጥ ነው። የስዊድኑ ሉንድቢ ፋብሪካ ደግሞ በ1፡18 ነው የታወቀው።

ስኬል የሳተ ዕቃ ወዲያው ዓይን ይወጋል። ወንበሩ ያማረ ቢሆንም ከጠረጴዛው ጋር ካልተመጣጠነ ክፍሉ በሙሉ ይበላሻል። ቡድን ውስጥ ሲሠራ ይህ ይበልጥ ያስፈልጋል። የአሥር ሰው እጅ ያረፈበት ክፍል አንድ ቤት መምሰል አለበትና።

ከነገሥታት ሳሎን እስከ ጎረቤት ጠረጴዛ

በጽሑፍ ከሚታወቁት ቀደምት ቤቶች አንዱ የባቫሪያው መስፍን አልብሬክት 5ኛ በ1557 እና 1558 ያሠራው ነው። ለልጁ ያሠራው መጫወቻ ነው የሚሉ አሉ። ሀብቱን ለእንግዳ ያሳይበት ነበር የሚሉም አሉ፤ ይህኛው የበለጠ ያስኬዳል። ቤቱ ዛሬ የለም።

በጀርመኗ ኑረምበርግ ከተማ በ17ኛው ክፍለ ዘመን እንዲህ ያሉ ቤቶች ለልጃገረዶች የቤት አያያዝ ማስተማሪያም ነበሩ። አና ኮፈርሊን የምትባል የከተማዋ ሴት በ1631 ቤቷን ለሕዝብ አሳይታለች። በኔዘርላንድስ ደግሞ ነገሩ የሀብታም ሚስቶች ሥራ ሆነ። ከሁሉም የሚታወቀው የፔትሮኔላ ኦርትማን ቤት ነው። ከ1686 እስከ 1710 ባሉት ዓመታት የተሠራ ነው፤ አሁን አምስተርዳም ሬይክስሙዚየም ውስጥ አለ። ከውጭ ሲታይ ቁም ሳጥን ይመስላል። ፔትሮኔላ ሸክላዎቹን ከቻይና አስመጥታለች። ለዕቃዎቹ አናጺ፣ ለግድግዳው ሠዓሊ ቀጥራለች። ወጪው በከተማዋ ቦይ ዳር እውነተኛ ቤት ይገዛ ነበር ይባላል። በጀርመኗ አርንሽታት ደግሞ ልዕልት አውጉስታ ዶሮቴያ ከ80 በላይ ክፍሎችና ወደ 400 የሚጠጉ አሻንጉሊቶች ያሉበት አንድ ሙሉ ከተማ አሠርታለች። የቤተ መንግሥቷ ሴቶችም ሰፍተውላታል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የጀርመን ፋብሪካዎች ዕቃውን በብዛት አምርተው ለዓለም ሸጡ።

አሁን ወደ ትልቁ ቤት እንምጣ። የእንግሊዟ ንግሥት ሜሪ የአሻንጉሊት ቤት የዚህ ሥራ ዘውድ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሐሳቡን ያመነጨችው የንግሥቲቱ የልጅነት ወዳጅ፣ ልዕልት ማሪ ሉዊዝ ናት። ንግሥቲቱ ጥቃቅን ዕቃ እንደምትወድ ታውቅ ነበር። ከዚያም ታዋቂውን አርክቴክት ኤድዊን ለትየንስን ጠየቀችው። ከ1921 እስከ 1924 ሥራው ተጀምሮ አለቀ። ወደ 1,500 የሚሆኑ ሠዓሊዎች፣ አናጺዎች፣ የዕቃ ፋብሪካዎችና ደራሲያን እጃቸውን አኑረውበታል።

ቤቱ 1፡12 ነው። ኤሌክትሪክ አለው። ቧንቧው ውሃ ያወርዳል፤ ሽንት ቤቱም ይለቃል። አሳንሰሮቹ ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ። በምድር ቤቱ ያሉት የወይን ጠርሙሶች እውነተኛ ወይን ተሞልቶባቸዋል። ጋራዡ ውስጥ ሮልስ ሮይስ ቆሟል። ከሥር ባለው መሳቢያ ውስጥ ገርትሩድ ጂኪል የነደፈችው የአትክልት ቦታ ተሠርቷል። ቤተ መጻሕፍቱ ደግሞ ለብቻው ጉድ ነው። የዘመኑ ስመ ጥር ደራሲያን በገዛ እጃቸው የጻፉባቸው የፖስታ ቴምብር የሚያህሉ መጻሕፍት አሉበት። እምቢ ያሉም ነበሩ። በ1924 በዌምብሌይ በተደረገው የብሪታንያ ኢምፓየር ኤግዚቢሽን ላይ ከ1.6 ሚሊዮን በላይ ሰው ተሰልፎ አይቶታል። የመግቢያው ገንዘብ ለበጎ አድራጎት ዋለ። አሁን ዊንዘር ቤተ መንግሥት ውስጥ ይታያል። መቶኛ ዓመቱ ሲከበር የዛሬ ደራሲያን 20 አዳዲስ ጥቃቅን መጻሕፍት ጽፈውለታል። 1፡12 የዓለም መደበኛ ስኬል የሆነው ከዚህ ቤት በኋላ ነው ብለው ብዙዎች ያምናሉ።

በዚያው ዘመን ኒው ዮርክ ውስጥ ኬሪ ስቴትሃይመር የራሷን ቤት ትሠራ ነበር። ከ1916 ጀምራ 20 ዓመት ያህል ደክማበታለች። እሷና እህቶቿ ቤታቸው ለሠዓሊዎች ሁሌ ክፍት ነበር። ወዳጆቻቸው ለዚህ ቤት የገዛ ሥራቸውን አሳንሰው ሠሩላት። ማርሴል ዱሻም ከሥዕሎቹ ሁሉ የታወቀውን በትንሹ ደግሞ ሰጥቷታል። ጋስተን ላሼዝም ቅርጻ ቅርጽ ሰጥቷል። ኬሪ ሳትጨርሰው በ1944 ሞተች። ሥዕሎቹን በቦታቸው የሰቀለችው እህቷ ኤቲ ናት። ቤቱ በኒው ዮርክ ከተማ ሙዚየም ይታያል። ለእኔ ከንግሥቲቱ ቤት ይልቅ ይህ ነው የሚበልጥብኝ። በትእዛዝ የመጣ የለበትም፤ ሁሉም በወዳጅነት የተሰጠ ነው።

ቺካጎ ውስጥ ናርሲሳ ቶርን በ1930ዎቹ ከሠለጠኑ ባለሙያዎች ጋር ያሠራቻቸው 68 ክፍሎች በአርት ኢንስቲትዩቱ አሉ። ፍራንሲስ ግሌስነር ሊ ደግሞ ጥበቡን ለወንጀል ምርመራ ትምህርት አውላዋለች። የሞት ቦታዎችን በ1፡12 ሠርታ መርማሪዎች እንዲማሩባቸው አድርጋለች። እነዚህ ክፍሎች ባልቲሞር ውስጥ እስከ ዛሬ ለሥልጠና ያገለግላሉ።

ማህበራት

ሥራው ከሀብታም ሳሎን ወጥቶ የተራው ሰው የሆነው በ1970ዎቹ ነው። በ1972 አሜሪካ ውስጥ ብሔራዊ የሚኒያቸር ወዳጆች ማህበር ተቋቋመ። በአጭሩ ኔም ይባላል። መፈክሩ ሀብታችንን በእርግጥ የምንደሰትበት ስንካፈለው ብቻ ነው የሚል ነው። ማህበሩ ቃሉን ጠብቋል። ሃውስ ፓርቲ የሚባሉ ጉባኤዎች ያዘጋጃል። ጉባኤው ሆቴል ውስጥ ለጥቂት ቀናት ይቆያል። ቀን ቀን ባለሙያዎች ያስተምራሉ። የዕቃ መሸጫና የኤግዚቢሽን አዳራሽ አለ። ማታ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ የማይተዋወቁ ሰዎች ይቀመጣሉ፤ ሲነሱ ወዳጅ ሆነዋል። ኔም ባይኖር ኖሮ ብዙ ሠሪ በየቤቱ ለብቻው ይቀር ነበር።

ሌላው ተቋም የዓለም አቀፍ የሚኒያቸር ባለሙያዎች ጊልድ፣ ማለትም የሙያ ማህበር፣ ነው። የተቋቋመው በ1970ዎቹ መጨረሻ ነው። ከ1982 ጀምሮ በአሜሪካ ሜይን ክፍለ ግዛት ካስቲን ከተማ በየዓመቱ ትምህርት ቤት ከፍቷል። እዚያ የሚማሩት የብር አንጥረኝነት፣ እንጨት መግጠም፣ ቅርጫት መሥራት ነው። ጥራት የሚመዘነው እዚያ ነው።

ቡድን እንዴት ይሠራል

የአንድ ቡድን መጠን የሚወሰነው በአስተናጋጁ ጠረጴዛ ነው። ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ሰው ይበቃል። ብዙ ጊዜ በወር አንድ ቀን ይገናኛሉ፤ ቤት በየተራ ይዞራል። ባለቤቷ ሻይ ታቀርባለች። ሻይ ግን ከሥራው ጠረጴዛ ይርቃል። የተደፋ ሻይ የወር ሥራ ያጠፋል።

መጀመሪያ ያለፈው ወር የተሠራው ከቦርሳ ይወጣል። እያንዳንዱ በእጅ መዳፍ ላይ ይዞራል። እንዴት አደረግሽው? ይህ ጥያቄ ካልተጠየቀ ቀኑ አልተጀመረም። ምስጢር የሚደብቅ ሰው ቡድን ውስጥ አይበረክትም።

ከዚያ የጋራ ሥራው ይቀጥላል። ከሁሉ የሚወደደው ልውውጥ ነው፤ ስዋፕ ይሉታል። ስምንት ሰው ካለ እያንዳንዱ አንድ ዓይነት ዕቃ ስምንት ጊዜ ሠርቶ ይመጣል። አንዷ ዳቦ፣ አንዷ ትራስ፣ አንዱ ሰዓት። ሲለያዩ ሁሉም ስምንት የተለያዩ ዕቃዎች ይዞ ይሄዳል። ስምንት ዳቦ መጋገር ያሰለቻል የሚል ይኖራል። ግን እጅ የሚሠለጥነው በመደጋገም ነው። ስምንተኛው ዳቦ ከመጀመሪያው ጋር አይገናኝም።

ሌላው ራውንድ ሮቢን ነው። እያንዳንዱ ሰው ባዶ ሳጥን ይጀምራል። በየወሩ ሳጥኑ ወደ ቀጣዩ ሰው ይተላለፋል። ያኛው ግድግዳ ይቀባል፣ ይህኛው ወለል ያነጥፋል፣ ሌላዋ መጋረጃ ትሰቅላለች። ሳጥኑ ዞሮ ሲመለስ ባለቤቱ ያላሰበው ክፍል ሆኖ ያገኘዋል። እዚህ ላይ ሕግ ያስፈልጋል። ሳጥኑን የጀመረ ሰው ዘመኑንና ቀለሙን በወረቀት ጽፎ ውስጡ ያስቀምጣል። ያለዚያ በ1900 አካባቢ በነበረ ማድ ቤት ውስጥ ቴሌቪዥን ገብቶ ቅሬታ ይነሳል።

ብዙ ቡድኖች በዓመት አንድ ቤት አብረው ሠርተው ለበጎ አድራጎት ዕጣ ያወጡበታል ወይም ለሕፃናት ሆስፒታል ይሰጣሉ። ትውልድ የሚገናኝበትም ቦታ ነው። ዓይኗ የደከመ እናት ልምዷን ትናገራለች፤ ወጣቷ መርፌ ታስገባላታለች።

ዕቃና ብልሃት

መሠረቱ ኮምፔንሳቶ ነው፤ ለጀማሪ ወፍራም ካርቶንም ይሆናል። የእንጨት ኮላ፣ ስለታም መቁረጫ፣ የብረት ማስመሪያ፣ ወረንጦና ብርጭቆ ወረቀት ከጠረጴዛ አይጠፉም። የቀረው ከቤት ይለቀማል። የቡና ማማሰያ እንጨት ተቆራርጦ የሳሎን ጣውላ ይሆናል። ስቴኪኒ የደረጃ መደገፊያ ይሆናል። የእንቁላል ካርቶን ተቆርጦ ቀለም ሲቀባ ድንጋይ ግድግዳ ይመስላል። ደርቆ የተነፋ የቡና አተላ ለአትክልት ቦታው አፈር ይሆናል። ዳቦና ፍራፍሬ ከፖሊመር ክሌይ፣ ማለትም በሙቀት ከሚጠነክር የፕላስቲክ ጭቃ፣ ተሠርተው በምድጃ ይጋገራሉ። የዳቦውን ቡናማ ገጽ የሚሰጠው የተፋቀ ባለ ቀለም ጠመኔ ነው። ጨርቅ ሲመረጥ ስስና ጥቃቅን ጥለት ያለው ይሁን። ወፍራም ጨርቅ አይወርድም፤ መጋረጃው እንደ ቆመ ይቀራል።

ከ2020 ወዲህ ቤት የዋለ ብዙ ሰው ወደዚህ ሥራ ገብቷል። ከቻይና የሚመጡ ተቆርጠው የተዘጋጁ ሳጥኖችም በርካሽ ይገኛሉ። በ3ዲ ማተሚያ የሚወጣ ዕቃ የእጅ ሥራ ነው ወይስ አይደለም የሚለው በየቡድኑ ያከራክራል። ቅርጹን ራሱ የሳለው ሰው ከሆነ የእጅ ሥራ ነው እላለሁ።

የእኛ ቤት በ1፡12

ኢትዮጵያ ውስጥ የአሻንጉሊት ቤት ልማድ የለም ማለት ይቻላል። ወደዚህ የሚቀርበው ነገር የሸክላ ምስል ነው። ጎንደር አጠገብ በወለቃ የቤተ እስራኤል ሴቶች ትናንሽ የሸክላ ምስሎችን ሠርተው ለጎብኚ ይሸጡ ነበር። እስራኤል ከገቡ በኋላም ሸክላውን የቀጠሉ አሉ።

በውጭ ለሚኖር ሐበሻ ግን ይህ ሥራ ሰፊ ሜዳ ነው። 30 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ጀበና በ1፡12 ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ይሆናል። ሲኒው የምስር ፍሬን ትንሽ ቢበልጥ ነው። መሶቡን በመርፌና በጥልፍ ክር መጠቅለል ይቻላል፤ አሠራሩ ከትልቁ ስፌት አይለይም። እንጀራው ከክሌይ ተዳምጦ ዓይኑ በመርፌ ጫፍ ይወጋል። ቄጠማው አረንጓዴ ወረቀት በቀጭኑ ተቆራርጦ ነው። በራውንድ ሮቢን ሳጥን ውስጥ ረከቦት ያስቀመጠ ሰው የሚጠየቀው ጥያቄ ማለቂያ የለውም። ቡና ሦስት ጊዜ እንደሚጠጣ ማስረዳትም ይከተላል።

ለመጀመር ሙሉ ቤት አያስፈልግም። ከፊት ክፍት የሆነ፣ ስፋቱ 30 ሴንቲ ሜትር የሆነ አንድ የክፍል ሳጥን ለሦስት ወይም ለአራት ወዳጆች ይበቃል። ስኬሉን አስቀድማችሁ ተስማሙ። ወለሉንና ግድግዳውን ጨርሱ፤ የመብራት ሽቦ ካለ ግድግዳው ሳይለጠፍ ይግባ። ዕቃው ከዚያ በኋላ ነው።