ጣሪያው አያፈስም! ስለ ጓሮ ተገጣጣሚ ቤትና ስለ ክረምት ዝግጅት የምንሳሳታቸው ነገሮች

በረዶ የሚጥልበት ክረምት ሲቃረብ ስልኬ አያርፍም። ጥያቄው ሁሌም አንድ ነው። "ተገጣጣሚዋን ቤት ጥርቅም አድርጌ ዘግቻታለሁ፤ ሌላ ምን ይቀረኛል?" የሚቀርህማ የዘጋኸውን መክፈት ነው!

እነዚህን ቤቶች ስገጥምና ስጠግን ዓመታት አልፈዋል፤ ትንሽ ብቆጣ ይቅር በሉኝ። ጓሮ ውስጥ ያለች የዕቃ ቤት ሰው አያድርባትም። መሞቅ አያስፈልጋትም፣ መድረቅ ነው የሚያስፈልጋት። አካፋና መጋዝ በብርድ አይሞቱም። በእርጥበት ግን ይዝጋሉ፣ እጀታቸውም ይሻግታል።

"ቀዳዳው ሁሉ ከተደፈነ እርጥበት አይገባም"

መስማት የሰለቸኝ ይቺን ነው። እርጥበቱ እኮ ቀድሞ ገብቷል። እርጥብ ሣር እንደተለጠፈበት የገባው ማጨጃ፣ ዝናብ ላይ የዋለው ብስክሌት፣ ከወለሉ ሥር ያለው አፈር፣ ሁሉም ውኃቸውን ወደ አየሩ ይለቃሉ። ቀን ፀሐይ ሲመታው አየሩ ሞቆ እርጥበቱን ይሸከማል። ማታ ቆርቆሮው ሲቀዘቅዝ ያ ሁሉ እርጥበት በጣሪያው ሆድ ላይ ጠብታ ይሆናል። የፈላ ድስት ክዳን ገልብጣችሁ አይታችሁ የለ? እሱ ነው።

አንድ ደንበኛ "ጣሪያዬ ያፈሳል" ብሎ ጠራኝ። ሦስት ጊዜ ሲልከን (ቀዳዳ መድፈኛ ማጣበቂያ) ቀብቷል፣ አልቆመለትም። ስሄድ ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ ሳምንቱን ሙሉም ጠብ ያለ ነገር የለም። ውስጥ ግን ጠብ ጠብ ይላል። ባትሪ ሳበራ ጣሪያውን በስቶ በገባው በእያንዳንዱ ብሎን ጫፍ ላይ አንዳንድ ጠብታ ተንጠልጥላለች። ሁለቱን የአየር መተንፈሻዎች በስፖንጅ ጠቅጥቆ፣ በላዩ ፕላስተር ለጥፎበታል። ነቅዬለት ሄድኩ። ከቀናት በኋላ ደውሎ "ደረቀ" አለኝ። (ስፖንጅ ለመንቀል ስንት ይጠየቃል? እኔስ አፈርኩ።)

እንግዲህ ልዩነቱን ያዙልኝ። መተንፈሻ ተብሎ የተሠራው ክፍት ይሁን፣ ቢቻል አንዱ ዝቅ ብሎ፣ ሌላው በተቃራኒው ግድግዳ ከፍ ብሎ፣ አየሩ እንዲያቋርጥ። አይጥ ከፈራችሁ ጥቅጥቅ ያለ የሽቦ ወንፊት ምቱበት፤ እርሳስ የምታስገባ ቀዳዳ ለአይጥ በር ናት። የሚደፈነው በስህተት የተከፈተው ነው፦ ጎማው ያረጀ የጣሪያ ብሎን፣ የተሰነጠቀ መጋጠሚያ፣ ከበሩ ሥር ያለ ክፍተት። ዕቃ ከግድግዳው አንድ ስንዝር ይራቅ፣ ካርቶን ደግሞ ወለል ላይ አይቀመጥ። ከሁሉ በፊት ማጨጃውን አጥባችሁ፣ አድርቃችሁ አስገቡ። ሌሊቱ ጥርት ብሎ ካደረ ጠዋት ገብታችሁ ጣሪያውን ከውስጥ በመዳፋችሁ ዳስሱት። መዳፋችሁ ከራሰ ሲልከኑን ተዉትና መተንፈሻውን እዩ።

"ላምባ ማሞቂያ ላስገባና ይድረቅ"

አንድ ሊትር ላምባ ሲቃጠል ወደ አንድ ሊትር የሚጠጋ ውኃ በእንፋሎት መልክ ይለቃል። ልታደርቁ ገብታችሁ ታጠጣላችሁ ማለት ነው። በተዘጋ ቤት ውስጥ የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ ሰው ይገድላል። በቃ፣ አታስገቡ።

"በሸራ ጠቅልዬ ልተዋት"

ይሄም ያው ስፖንጁ ነው፣ ተለቅ ብሎ።

"በረዶ ምን ክብደት አለው?"

አዲስ የጣለው ብን ብን ስለሚል ያታልላል። በ10 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 30 ሳንቲ ሜትር በረዶ ቢቆለል፣ ቀለል ያለው እንኳ 300 ኪሎ ሊደርስ ይችላል። ዝናብ ሲጠጣ ደግሞ እጥፍና ከዚያ በላይ ይሆናል። ጣሪያው ስንት እንደሚችል ብዙ ጊዜ አብሮት በመጣው መመሪያ ላይ ይጻፋል፤ ያው ማንም አያነበውም እንጂ። መሬት ላይ ቆማችሁ እጀታው ረዥም በሆነ ለስላሳ መጥረጊያ አውርዱት። ላዩ ላይ አትውጡ። በብረት አካፋ የፋቀ ሰው ቀለሙን ልጦ ዝገት ይጋብዛል። "የእኔ ፕላስቲክ ነው" የምትሉም አትኩራሩ፤ ፕላስቲክ በብርድ ይጠነክራል፣ ሲመቱት ይሰነጠቃል።

"ውስጥ ያለው ዕቃ ችግር የለበትም"

አለበት። በውኃ የሚበጠበጥ ቀለም አንዴ በረዶ ከሠራ ሊበላሽ ይችላል፣ ወደ ቤት አስገቡት። የመርጫውንና የአትክልት ማጠጫ ጎማውን ውኃ አፍስሱ። የሊቲየም ባትሪ ከ0 ዲግሪ በታች ቻርጅ አይደረግም።

"በሩ የጠበቀው በብርድ ስላበጠ ነው"

በሩ እንጨት ከሆነ አንዳንዴ ያብጣል፣ ግን በእርጥበት እንጂ በብርድ አይደለም። ብዙ ጊዜ ግን ያበጠው መሬቱ ነው። ውኃ በረዶ ሲሆን በ9 በመቶ ገደማ ይሰፋል። ከመሠረቱ ሥር የተኛ ውኃ በረዶ ሲሆን አንዱን ጥግ ወደ ላይ ይገፋና የበሩ ማዕዘን ይዛባል። ስለዚህ መጀመሪያ ውኃ ልክ (መዘንበልን የሚያሳየውን መለኪያ) ወለሉ ላይ አስቀምጡ፣ የጣሪያውን ውኃ ደግሞ በአሸንዳ ከመሠረቱ አርቁ። አንዱ ጎረቤቴ ይህን ነግሬው አልሰማኝም፣ በሩን በመላጊያ ላገው። በረዶው ሲቀልጥ መሬቱ ወደ ቦታው ተመለሰ። አሁን ከበሩ ሥር ጣት የሚያስገባ ክፍተት አለ፣ አይጦቹም ገብተዋል።